የዘገየ ኦክስጅን ሴንሰር ምንድን ነው?

ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት በርቶ የምርመራ መሣሪያው ፒ0133 የሚል ኮድ ሲያወጣ ብዙ ባለመኪና «ሴንሰሩ ሞቷል» ብሎ ይደመድማል። ኮዱ ግን ሞቷል አይልም፤ ምላሹ ዘግይቷል ነው የሚለው። ጅማ ላለ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ትክክለኛው ሴንሰር እዚህ ካልተገኘ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መምጣት አለበት፣ ጥፋቱ የሌላ ዕቃ ከሆነ ደግሞ አዲሱም ያንኑ ኮድ ያወጣል።

ሴንሰሩ በጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ ተጠምዶ ይቀመጣል። ዚርኮኒያ ከሚባል ሴራሚክ የተሠራው ጫፉ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል በጭሱና በውጭው አየር መካከል ያለውን የኦክስጅን ልዩነት ወደ ቮልቴጅ ይለውጣል። ቤንዚን ሲበዛ ቮልቴጁ ወደ 0.9 ይጠጋል፤ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን እያነበበ ቤንዚኑን ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ግቡ 1 ኪሎ ቤንዚን በ14.7 ኪሎ አየር እንዲቃጠል ነው። ጅማ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ስስ ነው፤ ወደ ግቤ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ይወፍራል። ኮምፒውተሩ ልኩን እንዳይስት ከሚረዱት አንዱ ይኸው ሴንሰር ነው።

ጤነኛ ሴንሰር ከታች ወደ ላይ ለመዝለል 0.1 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ሲዘገይ ኮምፒውተሩ እርምጃ የሚወስደው ባለፈ መረጃ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ ይዋዥቃል፣ ቤንዚን ይበላል፤ ሲቆይ ደግሞ ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ፣ ካታላይዘሩን፣ ይጎዳል፤ የዚያ ዋጋ ከሴንሰሩ ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ይለካ። ሞተሩን በደንብ አሙቁት፣ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ያዙትና ከካታላይዘሩ በፊት ያለውን ሴንሰር ንባብ በምርመራ መሣሪያው ላይ ተመልከቱ። በ10 ሰከንድ ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ ከ0.45 ቮልት ወዲያና ወዲህ ከተመላለሰ ደህና ነው። ከዚያ ነዳጅ መስጫውን በድንገት ረግጣችሁ ልቀቁት፤ ቮልቴጁ ከ0.8 በላይ ዘልሎ ወዲያው ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ሽቅብ ቁልቁሉን እያመነታ የሚሄድ ከሆነ መዘግየቱ እውነት ነው። ከስልክ ጋር የሚገናኙት ርካሽ መሣሪያዎች ራሳቸው ንባቡን እየዘገዩ ስለሚያሳዩ ጤነኛውን ሴንሰር ሊያስወነጅሉ ይችላሉ፤ ሌላውን ንባብ ሁሉ አጥፍታችሁ ይህን ብቻ አስነብቡ። ከካታላይዘሩ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሴንሰር ቀጥ ብሎ መቆሙ ግን የጤንነት ምልክት ነው። በብዙ አዳዲስ ቶዮታዎች ላይ ያለው የአየርና ነዳጅ ሬሾ ሴንሰርም እንዲህ ስለማይመላለስ በዚህ መንገድ አይለካም።

ንባቡ ዘገምተኛ ሆኖ ቢገኝም ሴንሰሩን ለመክሰስ አልቸኩልም። መጀመሪያ የምመለከተው ቧንቧውን ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚመላለስ መኪና የጭስ ማውጫው መገጣጠሚያ ቶሎ ይላላል፤ በመሃሉ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም፣ ይቃጠላል። ከሴንሰሩ በፊት ባለው ስንጥቅ አየር ሲገባ ንባቡ ይዛባል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ «ጥክ ጥክ» የሚል ድምፅና በመገጣጠሚያው ዙሪያ የጥላሸት ጭረት ካለ ብየዳ ወይም ጓርኒሲዮን ይበቃ ይሆናል። ጫፉን የሚያግለውን የሴንሰሩን ማሞቂያም በኦም መለኪያ ፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሁለቱ ሽቦዎች የእርሱ ናቸው።

ሲፈታ ጫፉ ብዙ ይናገራል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። ነጭ ዱቄት የሚመስል ሽፋን ከሆነ ወይ የራዲያተር ኬሚካል ወደ ማቃጠያው እየገባ ነው፣ ወይ በጓርኒሲዮን ፋንታ የተቀባው ሲሊኮን ተኗል። ይህ ሳይስተካከል የተገጠመ አዲስ ሴንሰር በተመሳሳይ ሁኔታ ይበላሻል። በሽቦ ብሩሽ መፈተግን ወይም ቤንዚን ውስጥ መዘፍዘፍን በፍጹም አልመክርም፤ መከላከያ ሽፋኑን ይጎዳል እንጂ ፍጥነቱን አይመልስም።

መቀየር ካለበት ሞተሩ ለብ ሲል፣ ሽቦ ማሳለፊያ ቀዳዳ ባለው የ22 ቁልፍ ይፈታል። ቅባት የሚነካው ጥርሱን ብቻ ነው፤ ጫፉን አይንካ። ሶኬቱ ከመኪናችሁ ጋር የሚገጥመውን ፈልጉ፤ ብዙ ሴንሰሮች የውጭውን አየር በሽቦው ውስጥ ስለሚስቡ ሽቦ ቆርጦ በቆርቆሮ መበየድ ትንፋሹን ሊዘጋ ይችላል። ከዚያ ኮዱን አጥፉና እስከ አጋሮ ደርሳችሁ ስትመለሱ ያንኑ የ10 ሰከንድ ንባብ እንደገና ውሰዱ።