ዦርዥ ሜሊዬስ

ዦርዥ ሜሊዬስ በሲኒማ ጅማሬ ዘመን ከ500 በላይ አጫጭር ፊልሞችን የሠራ ፈረንሳዊ ዳይሬክተር፣ ተዋናይና ምትሃተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 በፓሪስ ከባለጸጋ ጫማ አምራች ቤተሰብ ተወለደ። የአባቱ ፋብሪካ ውስጥ ቢሠራም ልቡ ምትሃት ላይ ስለነበር፣ በ1888 ድርሻውን ለወንድሞቹ ሸጦ ሮቤር ኡዳን የተባለውን የምትሃት ቴአትር ቤት ገዛ።

በታኅሣሥ 1895 የሲኒማ ፈር ቀዳጆቹን የሉሚዬር ወንድማማቾችን ፊልም ባየ ጊዜ ማሽኑን ሽጡልኝ ቢልም አልሸጡለትም፤ ስለዚህ ከለንደን የፊልም ማሳያ መሣሪያ አስመጥቶ ወደ ካሜራነት ለወጠው። አንድ ቀን በኦፔራ አደባባይ ሲቀርጽ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ተቀርቅሮ ለአንድ ደቂቃ ያህል እንደቆመና ፊልሙ ሲታይ የሕዝብ ማመላለሻው ሠረገላ ድንገት የሬሳ ሠረገላ ሆኖ እንደተገኘ፣ የቀረጻ ምትሃትንም ከዚያ እንደተማረ ራሱ ያወጋ ነበር። ወጉን የነገረን ምትሃተኛ መሆኑን ግን ልብ ይሏል።

በ1897 በፓሪስ አጠገብ ባለችው ሞንትረይ ጣሪያውም ግድግዳውም መስታወት የሆነ ስቱዲዮ ገነባ። የዘመኑ ፊልም ቀይን እንደ ጥቁር አድርጎ ስለሚያወጣ፣ መድረኩም ልብሱም የተዋንያኑ ፊትም በግራጫና በነጭ ይቀቡ ነበር፤ ቀለም የሚገባው በኋላ፣ ሴት ሠራተኞች በቀጭን ብሩሽ ምስል በምስል ሲቀቡት ነው። ሮኬት የጨረቃን ዓይን ሲወጋ የሚታይበት «ጉዞ ወደ ጨረቃ» (1902) ዝናውን ከፈረንሳይ አሻገረው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ሌሎች ቅጂውን አባዝተው ገንዘቡን ሰበሰቡ።

ትልልቅ ኩባንያዎች በየሳምንቱ ፊልም ሲያጎርፉ እሱ አሁንም ሥዕሉን ራሱ እየሳለ፣ ራሱ እየተወነ ይሠራ ነበር፤ ውድድሩን አልቻለውም። ከፓቴ የፊልም ኩባንያ የወሰደው ብድር አከሰረው፣ ከ1913 በኋላም ፊልም አልሠራም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተወረሱ ፊልሞቹ ቀልጠው ለወታደሮች ጫማ ታኮ ዋሉ፤ የጫማ ፋብሪካ ልጅ ለነበረ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ነበር የደረሰው። በ1923 የቀሩትን ነጋቲቮች (ቅጂ የሚባዛባቸውን ዋና ፊልሞች) በገዛ እጁ አቃጠላቸው፤ ከዚያ በኋላ ከሁለተኛ ሚስቱ ከዣን ዳልሲ ጋር በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ መጫወቻና ከረሜላ ይሸጥ ነበር።

ጋዜጠኞች እዚያው ሱቁ ውስጥ አገኙት፤ በ1929 በፓሪስ ታላቅ የክብር ዝግጅት ተደረገለት፣ በ1931 የፈረንሳይን ከፍተኛ የክብር ኒሻን ሌጂዮን ዶነርን ተሸለመ፣ በ1938 አረፈ። ወደ 200 የሚጠጉት ፊልሞቹ ተርፈዋል፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ቅጂውን የሚያባዙትን ሌቦች ሽሽት ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን እየተከለ፣ አንዱን ነጋቲቭ ፓሪስ አስቀርቶ ሌላውን ኒውዮርክ ላለው ወንድሙ ለጋስቶን ይልክ ስለነበር ነው።