ሙስሊም ሴቶችና የካንሰር ሕክምና ሙከራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ የካንሰር መድኃኒት በሰፊው ከመታዘዙ በፊት በፈቃደኛ ሕሙማን ላይ ይጠናል። ክሊኒካዊ ሙከራ የሚባለው ይህ ነው። ሙስሊም ሴቶች ለምን ብዙም አይገቡበትም ሲባል፣ «እምነታቸው አይፈቅድማ» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። እኔ አልስማማም። ብዙውን ጊዜ የጎደለው ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ነው።

«በሽታው የአላህ ውሳኔ ነው፤ ከቀደር ጋር አልታገልም»

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «የአላህ ባሮች ሆይ፣ ታከሙ» ብለዋል። ግመሌን ልሰር ወይስ ዝም ብዬ በአላህ ልመካ ላላቸው ሰውም «እሰራትና ተመካ» ነው ያሉት። ተወኩል፣ ማለትም በአላህ መመካት፣ ሰበብ ማድረስን፣ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግን፣ አያስቀርም። በእርግጥ ሙከራ ውስጥ መግባት ግዴታ አይደለም። ግን ሃይማኖቱ በሩን አልዘጋም።

ካንሰርን ቅጣት ነው የሚሉም አሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ሕመሙ ሳያንሳት ኀፍረት ይጨመርባትና እብጠቱን ደብቃ ትቆያለች። ሐዲሱ የሚለው ሌላ ነው፦ አማኝን የሚነካው ሕመም ሁሉ፣ እሾህ እንኳ ቢወጋው፣ ኃጢአቱ የሚታበስበት ነው።

«የሙከራ አይጥ ያደርጉኛል፤ ባዶ ክኒን ሰጥተው ይተዉኛል»

ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። አሜሪካ ውስጥ በታስኪጊ፣ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ.፣ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች እውነቱ ሳይነገራቸው፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳይታከሙ ዝም ብለው ተጠንተዋል። ዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያላጸደቀው ጥናት መጀመር የለበትም። የታወቀ ሕክምና ካለ ደግሞ አዲሱ መድኃኒት ከእሱ ጋር ይነጻጸራል ወይም በላዩ ይጨመራል። ባዶ ክኒን፣ መድኃኒት የሌለበት ማለት ነው፣ ብቻውን የሚሰጥበት ጥናት ጥቂት ነው፤ ካለም አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል።

አዲሱ መድኃኒት ከነባሩ ላይሻል፣ ሊጎዳም እንደሚችል ግን መደበቅ የለበትም። ምዕራፍ 1 በሚባለው የሙከራው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ዋናው ጥያቄ መጠኑና ደኅንነቱ ነው። ይህን ሳትሰማ የፈረመች ሴት ፈቅዳለች አልልም።

«ባሏ ወይ ልጇ ይፈርምላት»

ማማከር ጥሩ ነው። ፊርማው ግን የእሷ ነው። በፈለገች ቀን፣ ምክንያት ሳትሰጥ መውጣትም ትችላለች፤ መደበኛ ሕክምናዋ አይቀርባትም። ማስተርጎሙም ለቤተሰብ ባይተው ይሻላል። ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም «ጡት» ማለት ያፍርና «ደረት» ይላል። ስለ ወር አበባ የተነገረውን ጭራሽ ይዘለዋል። ሴት አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለውም። ሴት ሐኪም መጠየቅም እንደዚያው።

«ላላገባች ልጅ የእርግዝና ምርመራ ስድብ ነው»

የካንሰር መድኃኒት ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መውለድ በምትችልበት ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሁሉ ትመረመራለች። ማንም እሷን ለይቶ አልጠረጠራትም። ግን አባቷ ፊት፣ ያለ አንዲት ቃል ማብራሪያ፣ የሽንት ዕቃ እጇ ላይ ቢደረግ ተነሥታ ብትሄድ አልፈርድባትም። ይህ የሐኪሞቹ ጥፋት ነው። ለብቻዋ ጠርቶ ሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይበቃ ነበር።

«መድኃኒቱ ሐራም ነው፤ ጾሜንም ያበላሻል»

አንዳንድ ካፕሱል ከአሳማ የተሠራ ጄላቲን ሊኖረው ይችላል። ከመፈረም በፊት ምን እንዳለበት ይጠየቅ፤ ሌላ አማራጭም ይፈለግ። ከጠፋ፣ ስለ ደሩራ፣ ማለትም ሐራሙን ስለሚያስፈቅድ አስገዳጅ ሁኔታ፣ የምታምኚውን ዓሊም (የሃይማኖት ሊቅ) አማክሪ። የቁርኣኑ አል-በቀራ ምዕራፍ፣ አንቀጽ 173 የተገደደን ሰው ያነሣል። ጾምን በተመለከተ 185ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው ቀዷ፣ ማለትም በሌላ ቀን መጾምን፣ ፈቅዷል። በረመዳን ክኒኑን በድብቅ ማቆም ግን አደገኛ ነው። ሰዓቱ ይቀየር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ።

«እኔ ብቀር ምን ይጎድላል?»

ታሞክሲፌን የሚባለውን የጡት ካንሰር ክኒን እንውሰድ። በደንብ እንዲሠራ ጉበት ውስጥ ያለ ሳይፒ2ዲ6 የሚባል ኤንዛይም (መድኃኒትን የሚለውጥ ፕሮቲን) ሊለውጠው ይገባል። የዚህ ኤንዛይም ፍጥነት ከሰው ሰው ይለያያል። በጣም ፈጣን የሆነላቸው ሰዎች በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከአውሮፓ ይልቅ ይበዛሉ። ከእነዚህ አካባቢዎች የመጡ ሴቶች ያልገቡበት ጥናት ሲሆን፣ ሐኪሟ መጠኑን የሚያዝላት በሌሎች ሴቶች ሰውነት ላይ ከታየው ተነሥቶ ነው።