ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ፦ ድንጋዩ፣ ነፋሱና የግሬናሽ ወይን

ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከሮን ወንዝ በስተምሥራቅ፣ በአቪኞንና በኦራንዥ ከተሞች መካከል ያለ ወይን አብቃይ አካባቢ ነው። ስያሜው «የጳጳሱ አዲስ ግንብ» ማለት ሲሆን፣ የሮማ ጳጳሳት አቪኞን ተቀምጠው በነበረበት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዮሐንስ 22ኛ ካሠሩት ግንብ የመጣ ነው።

አካባቢው ዝናን ያተረፈው «ጋሌ ሩሌ» በሚባለው ድቡልቡል ድንጋይ ነው። የጥንቱ ሮን እያንከባለለ ያለዘበው ይህ ድንጋይ በአንዳንድ ማሳ ላይ አፈሩ እስኪጠፋ ድረስ ተነጥፎ ይታያል። ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ለወይኑ ይመልሳል እየተባለም ይወደሳል። እውነት ነው፤ ሆኖም በዚህ ፀሐያማ አገር ወይኑን የሚቸግረው ሙቀት ሳይሆን ውኃ ነው። ስለዚህ ይበልጥ ሊመሰገን የሚገባው ከድንጋዩ ሥር ያለው ቀይ የሸክላ አፈር ይመስለኛል፤ በቀዝቃዛዎቹ ወራት የጠጣውን ዝናብ ይዞ ቆይቶ በዚያ ደረቅ በሆኑት በሐምሌና በነሐሴ ሥሩን ያረጥባል። ደግሞም እንደ ሻቶ ራያስ ያሉ እጅግ የተከበሩ የወይን ጠጆች የሚወጡት ከአሸዋማ መሬት ነው፤ ቀለማቸው ሳሳ፣ መዓዛቸው ረቀቅ ያለ ነው።

ሚስትራል የተባለው ብርድና ደረቅ የሰሜን ነፋስ ከዝናብ በኋላ ቅጠሉንና ዘለላውን ቶሎ ስለሚያደርቅ ሻጋታን ይከላከላል። ለጋ ቀንበጥ ግን ይሰብራል። በዚህ የተነሳ ዋናው የወይን ዝርያ ግሬናሽ በአጭሩ እየተገረዘ፣ ድጋፍ ሳይደረግለት፣ እንደ ቁጥቋጦ ይቆማል። ግሬናሽ ድርቅ ይችላል፤ ዘግይቶ ስለሚበስል ስኳሩ ይበዛል፤ አልኮሉም ብዙ ጊዜ ከ14 በመቶ ያልፋል። ቀለሙ ስለሚሳሳና አየር ቶሎ ስለሚያበላሸው ሲራና ሙርቬድር የተባሉ ዝርያዎች ይቀላቀሉበታል።

የአካባቢው ወይን አብቃይና የሕግ ባለሙያ ባሮን ለ ሯ በ1923 የአካባቢውን ደንብ ሲያወጡ ድንበሩን የለዩት ላቬንደርና ጦስኝ አብረው በሚበቅሉበት ደረቅ መሬት ነበር። በ1936 ሕግ ሆኖ ሲጸድቅ 13 ዝርያዎች ተፈቀዱ፤ ለቀማው ዛሬም በእጅ ብቻ ነው።

አሁን ሙቀቱ እየጨመረ ለቀማው ከቀድሞው ጊዜ ቀደም ብሏል። ስለዚህም አልኮላቸው ዝቅ ያለው ሳንሶና ኩኗዝ የተባሉት ዝርያዎች፣ ወደ ሰሜን ያዘነበሉት ቀዝቃዛ ማሳዎችም እንደገና ተፈላጊ እየሆኑ ነው።