ከእንጦጦ እስከ የረር፦ መብረቅን ፎቶ ማንሳትና ከመብረቅ መዳን

አዲስ አበባ ዙሪያዋን በተራራ የታጠረች ከተማ ናት። በሰሜን 3,200 ሜትር ገደማ የሚደርሰው እንጦጦ አለ። በምዕራብ ወጨጫ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የረር ሜዳው ላይ ብቻውን ጉብ ብሏል። ከየረር ወዲያ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ይህ አቀማመጥ ለነጎድጓድ ደመና የተመቸ ነው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች። እርጥበት ያዘለው አየር ተዳፋቱን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ደመናው መቆለል ይጀምራል። ለገጣፎ ላይ ጠዋት በርበሬ ያሰጡ እናት ከ7 ሰዓት በኋላ ዓይናቸው ከሰማይ አይነቀልም።

ስልክ ሁሉ ካሜራ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ሰማይ ሰማይ የሚያየው በዝቷል። ደመናው ሲጠቁር አንዱ ልብስ ሊያስገባ ይሮጣል፤ ሌላው ጣሪያ ላይ ሊወጣ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ጥሩ እይታ ያለው ቦታ ሁሉ ለመብረቅም የተጋለጠ ነው፤ ኮረብታው፣ ሜዳው፣ ጣሪያው፣ የግድቡ ዳር። ደግነቱ ጥሩ የመብረቅ ፎቶ የሚገኘው ከራቀ ደመና ነው። አናት ላይ ያለ ደመና ግራጫ ጣሪያ ብቻ ነው፤ ቅርጽ የለውም። ከ30 ኪሎ ሜትር ሲያዩት ግን ከእግሩ እስከ አናቱ ይታያል፤ ከሥሩ ዝናቡ ሲወርድ፣ መሃሉ ሲበራ፣ ጫፉ ሲዘረጋ።

ደመናው ውስጥ

መብረቅ የሚጀምረው ከበረዶ ነው። ትልቁ የነጎድጓድ ደመና ውስጥ ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶችና ከበድ ያሉ የበረዶ እንክብሎች እየተጋጩ ይላተማሉ። በግጭቱ ኤሌክትሪክ ይለያያል። ቀላሎቹ ፖዘቲቩን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከባዶቹ ኔጌቲቩን ይዘው መሃል ላይ ይቀራሉ። ልዩነቱ አየሩ ሊችለው ከማይችለው ደረጃ ሲደርስ መብረቅ ይሆናል። አብዛኛው እዚያው ደመናው ውስጥ በርቶ ይጠፋል። መሬት የሚወርደው ግን 30,000 አምፒር አካባቢ ይሸከማል። የቤታችን ሶኬት የሚችለው 16 አምፒር ነው። በመንገዱ ያለውን አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሞቀዋል፤ ይህም የፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ነው። አየሩ በዚህ ሙቀት በድንገት ሲለጠጥ ነጎድጓድ ይሰማል።

በእኛ አካባቢ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። በረዶው የሚጠብቀው መንገድ አጭር ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ሳይቀልጥ ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣው፤ አንዳንድ ቀንም የእንጦጦና የሱሉልታ ሜዳ ለጥቂት ደቂቃ ነጭ የሚሆነው።

መቼና የት

ዝናቡ በሁለት ወቅት ይመጣል። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም። ብዙ ሰው ለመብረቅ ፎቶ ሐምሌን ይጠብቃል። እኔ በልግንና መስከረምን እመርጣለሁ። በእነዚህ ወራት ደመናው እዚህም እዚያም ተነጣጥሎ ይቆማል፤ በመካከሉ ጥርት ያለ ሰማይ ይገኛል። አያት ሰፈር ቆማችሁ ቢሾፍቱ አቅጣጫ የሚዘንበውን ማየት ትችላላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ይገጠማል። ጉሙና ዝናቡ መብረቁን ይሸፍኑታል፤ ብልጭታው ቢታይም መስመሩ አይታይም። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል። ለመብረቅ ግን ይህ አባባል አይሠራም፤ ከቡሄ በኋላም ከባድ ነጎድጓድ አለ።

ከቦታዎቹ ሁሉ የታወቀው እንጦጦ ነው። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ መውጣትም ቀሏል። ከላይ ሆኖ ሲያዩት ከተማዋ በሙሉ ትዘረጋለች፤ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንጻ መሃል ላይ ጎልቶ ይታያል። እንጦጦ ግን ተራራም ነው፣ ረጃጅም ባሕር ዛፍም የሞላበት ነው። ሁለቱም መብረቅ የሚወዳቸው ናቸው። ደመናው የረር ላይ ሆኖ ከእንጦጦ ብታነሱት ጥሩ ነው፤ በመካከላችሁ በቀጥታ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አለ፤ ነጎድጓዱ እንኳን አይሰማም። ደመናው ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ላይ ከሆነ ግን ከተራራው መውረድ ነው። ያን ጊዜ እንጦጦን ራሱን ከደቡብ ሆኖ ማንሳት ይሻላል፤ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከቤት ውስጥ፣ መስኮት ዘግቶ።

የረር ለፎቶ የተፈጠረ ተራራ ነው። ብቻውን ስለቆመ ከአያትም፣ ከኮዬም፣ ከአቃቂም ቅርጹ ይታወቃል። ቀስተ ደመናም የሚወጣው በዚያው በኩል ነው። ቀስተ ደመና ሁልጊዜ ከፀሐይ ተቃራኒ ነው፤ ፀሐይም ከፍ ካለች አይታይም። በበልግና በመስከረም ከ9 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ፣ ምሥራቁ ላይ እየዘነበ ከሆነ፣ ፊታችሁን ወደ የረር አዙሩ።

ሱሉልታና ሰንዳፋ ሌላ ነገር ናቸው። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሰማዩም እንዲሁ። ሯጮች እዚያ የሚለማመዱት በአብዛኛው በጠዋት ነው፤ ያ ሰዓት ደህና ነው። ከሰዓት ግን በዚያ ሜዳ ላይ ከሣሩ በላይ የሚረዝመው እናንተና ትራይፖዳችሁ (የካሜራ መቆሚያችሁ) ናችሁ። ለገዳዲና ገፈርሳ ግድብ ዳርም እንዲሁ። ውሃው ላይ የሚያርፈው ነጸብራቅ ያጓጓል፤ ዳሩ ግን ገላጣ ነው።

ርቀቱን መቁጠር

ብልጭታው እንደታየ መቁጠር ጀምሩ። ነጎድጓዱ ሲሰማ አቁሙ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የቆጠራችሁትን ለ3 አካፍሉ። 30 ሰከንድ ከሆነ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ውጭ መቆየት የለም። እንዲያውም ነጎድጓዱ ከተሰማ ይበቃል። ነጎድጓድ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ አይሰማም። መብረቅ ደግሞ ዝናቡን ቀድሞ፣ ከደመናው ወጣ ብሎ፣ ያን ያህል ርቀት ሄዶ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ገና ጠብ ሳትል፣ አናታችሁ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ማለት ነው። መንገድ ዳር ከሆናችሁ ደግሞ የአይሱዙና የጄኔሬተር ጩኸት ነጎድጓዱን ይውጠዋል። ዓይናችሁን እንጂ ጆሯችሁን ብቻ አትመኑ።

የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚጎዳው ሲጀምርና ሲያበቃ ነው። ዝናቡ ስላባራ ሰው ይወጣል፤ ደመናው ግን ገና አልሄደም። ለፎቶ አንሺ ይህ ግማሽ ሰዓት ፈተና ነው፤ ብርሃኑ የሚያምረው ያኔ ነዋ።

ከመውጣት በፊት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ ማየት ይጠቅማል። የቦሌ አየር ማረፊያ ለአብራሪዎች የሚያወጣው አጭር ዘገባም በኢንተርኔት ይገኛል። እዚያ ውስጥ «ቲኤስ» (TS) የሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ ነጎድጓድ አለ ማለት ነው፤ «ሲቢ» (CB) ደግሞ የነጎድጓድ ደመና። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የመጠቀችው የአውሮፓ ሚቲዮሳት ሳተላይትም የአፍሪካን መብረቅ ከላይ ሆና ትከታተላለች።

የት መጠለል

ጣሪያውም ጎኑም ብረት የሆነ መኪና ጥሩ መጠለያ ነው። የሚያድነው ጎማው አይደለም። ኪሎ ሜትሮችን ሰንጥቆ የመጣን መብረቅ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጎማ አያቆመውም። የሚያድነው ብረቱ ነው፤ ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ወደ መሬት ያወርደዋል። ስለዚህ መስኮት ዘግቶ፣ እጅን ጭን ላይ አድርጎ መቀመጥ። ሚኒባስ ይሆናል። የአይሱዙ ጋቢና ይሆናል፤ ጭነቱ ላይ መቀመጥ ግን አይሆንም። ባጃጅ ጎኑ ክፍት፣ ጣሪያው ሸራ ነው፤ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም።

ከቤቶች የሚመረጠው የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር የተዘረጋለት የብሎኬት ቤት ነው። መብረቅ ቢመታው በሽቦውና በቧንቧው ይወርዳል፤ ስለዚህ ሰው ከሁለቱ መራቅ አለበት። በነጎድጓድ ሰዓት ሻወር መውሰድና ዕቃ ማጠብ ይቆይ። ሽቦ የሌለው የጭቃ ቤት ላይ ግን መብረቁ የሚወርድበት መንገድ ስለሌለው ሰው ላይ ሊዘል ይችላል። ሌላ ምርጫ ከጠፋ ከግድግዳውና ከምሰሶው ራቅ ብሎ መሃል ላይ መቀመጥ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኡጋንዳ ውስጥ ሩንያንያ በተባለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ መብረቅ 18 ተማሪዎችና አንድ መምህር ገድሏል። ሁሉም ከዝናብ የተጠለሉ ነበሩ። መብረቅ መከላከያ ዘንግና ደህና ኧርዝ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) ከጌጥ የሚቆጠር ነገር አይደለም።

በዳርቻ ሰፈሮች የሚያሳስበኝ ጅምር ሕንጻ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ፌሮው ከኮለኑ ሽቅብ እንደወጣ ይቀራል፤ እርጥብ ኮንክሪት፣ ክፍት ጎን፣ ዙሪያው ሜዳ። ልጆች ለሰልፊ የሚወጡት እዚያ ነው። የኮንዶሚኒየም ጣሪያም ከዚያ አይሻልም፤ ዲሹና ሮቶው ባሉበት ከፍ ብሎ መቆም ነው። ጃንጥላም ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም።

ዛፍ ሥር መጠለል ትልቁ ስህተት ነው። ባሕር ዛፍ ይሁን የቤተ ክርስቲያን ግቢ ጽድ፣ መብረቁ ግንዱን መትቶ አጠገቡ ወዳለው ሰው ይዘላል። መሬት ላይ ሲሰራጭ ደግሞ በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከብት የሚያልቀው በዚህ ነው። የፊትና የኋላ እግሮቹ ስለሚራራቁ ኤሌክትሪኩ በልቡ በኩል ያልፋል። ከዛፍ ሥር ተሰብስበው የቆሙ ላሞች በአንድ ምት ሲወድቁ የሚታየው ለዚህ ነው። እረኛውም ቢሆን ከመንጋው ራቅ ቢል ይሻለዋል። ሜዳ ላይ የተያዘ ሰው ከኮረብታው ይውረድ፣ መሬት ላይ አይተኛ፣ ከጓደኞቹም ይራራቅ። ፀጉር መቆም ከጀመረ ወይም ትራይፖዱ እዝ ካለ ዕቃውን ጥሎ መሮጥ ነው። ካሜራ ይገዛል።

የልብስ ቀለም ለመብረቅ ምኑም አይደለም። ኪስ ውስጥ ያለ ሞባይልም መብረቅ አይጠራም። ገመድ ያለው የቤት ስልክና ቻርጀር ላይ የተሰካ ሞባይል ግን ያሰጋሉ። «ሶኬቱን ንቀሉት» የምትል እናት ልክ ናት፤ ዲቫይደርም ስታቢላይዘርም ቀጥታ ምትን አይችልም። የዲሹ ገመድም ይነቀል። መንቀሉ ግን ደመናው ሳይደርስ ነው።

ካሜራው

መብረቅን አይቶ ሹተር (የካሜራውን የብርሃን መዝጊያ) መጫን አያዋጣም። አንድ ብልጭታ ከነድግግሞሹ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ብዙም አይበልጥም። ዘዴው ሹተሩን ከፍቶ መጠበቅ ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይሁን፤ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 8፣ ሹተር ከ8 እስከ 15 ሰከንድ። እንደ ሱሉልታ ጨለማ በሆነ ቦታ እስከ 30 ሰከንድ ይሄዳል። ከዚያ ሪሞቱን ቆልፎ ተከታታይ ማንሳት ነው፤ አብዛኛው ባዶ ይሆናል፣ ይሰረዛል።

ጀማሪ የሚያምታታው አንድ ነገር አለ። የመብረቁን ድምቀት የሚወስነው አፐርቸሩና አይኤስኦው ነው፤ የሹተሩ ርዝመት አይነካውም። ብልጭታው አጭር ስለሆነ ሹተሩ 5 ሰከንድ ቢከፈት 20 መብረቁ ያው ነው። የሚለወጠው የከተማው መብራት ብቻ ነው። ስለዚህ መብረቁ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ቀዳዳውን አጥብቦ ኤፍ 11፤ ከራቀና ከደበዘዘ አስፍቶ ኤፍ 5.6። ፎከሱን በእጅ፣ ሩቅ ባለ የአንቴና ቀይ መብራት ላይ አድርጎ መተው ነው። ሌንሱ ላይ ያለው ማረጋጊያ ይጥፋ። በሮው ፋይል (ካሜራው ባልጨመቀው ጥሬ ፋይል) ማንሳት በኋላ ቀለሙን ለማስተካከል ይረዳል።

የምወደው ሰዓት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ሰማዩ ገና ሰማያዊ፣ ሰፈሩ መብራት የሚያበራበት። በእርግጥ መብራት ካልጠፋ። በቀን ግን ሹተሩን ያን ያህል መክፈት ስለማይቻል ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል።

በመኪና ውስጥ ሆኖ ማንሳትም ይቻላል። ዳሽቦርዱ ላይ ጋቢ አጣጥፎ ካሜራውን ማስቀመጥ፣ ሌንሱን ከመስታወቱ ማስጠጋት፣ የውስጥ መብራቱን ማጥፋት። መስታወቱ አስቀድሞ ቢወለወል ይመረጣል።

በስልክ ደግሞ ቀላሉ መንገድ ቪዲዮ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ቀርጾ መብረቁ ያለበትን ፍሬም መምረጥ። አንዳንዴ የፍሬሙ ግማሽ ብሩህ፣ ግማሽ ጨለማ ሆኖ ይወጣል፤ የስልኩ ሴንሰር ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ እንጂ ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ዘግቶ ለአንድ ሰዓት መተው ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ ሌንሱ ውስጥ ጤዛ ይይዛል፣ ከዚያ ሻጋታ።

ሰው ከተመታ

መብረቅ የመታው ሰው ሰውነት ኤሌክትሪክ አይዝም። መንካት ይቻላል፤ መንካትም ያስፈልጋል። ከሚመቱት አብዛኞቹ ይተርፋሉ፤ የሚሞቱት በዋነኛነት ልባቸው ወይም ትንፋሻቸው ቆሞ ነው። ብዙ ሰው ከወደቀ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚያቃስተው ሳይሆን ለማይተነፍሰው ነው፤ የሚያቃስተው ልቡ እየሠራ ነው። ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጅ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ አጥብቆ መጫን። የሠለጠነ ሰው ካለ በየ30ው ሁለት ትንፋሽ ይሰጣል። ሌላ ሰው 907 ይደውል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ የእሳት አደጋ 939ም አለ። ተነስቶ «ደህና ነኝ» ያለውም ቢሆን ሐኪም ይየው፤ የጆሮ፣ የዓይንና የነርቭ ጉዳት ቆይቶ ይታያል።