ፀጉር ቤት ገብቶ ጭንቅላትን በምላጭ መላጨት

ፀጉር ቤት ገብታችሁ "ዜሮ አርገው" ስትሉና "በምላጭ ላጨኝ" ስትሉ የምትጠይቁት ሁለት የተለያየ ስራ ነው። ዜሮ ማለት ቶንዶሱን ያለ ቁጥር ማስኬድ ነው፣ አስር ደቂቃም የማይፈጅ ነገር ነው፣ ሲያልቅ በእጃችሁ ብትዳብሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል ምክንያቱም የማሽኑ ጥርስ የሚቆርጠው ከቆዳው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ምላጭ ግን ፀጉሩን ከቆዳው እኩል ያወርደዋል፣ ከሱም ጋር ስስ የሆነ የላይኛው ቆዳ አብሮ ይነሳል። ለዚህ ነው እኔ ይሄ ከፀጉር ስራ ይልቅ የቆዳ ስራ ነው የምለው፣ ጎበዝ ላጪና ያልሆነው የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው።

በአግባቡ ከተሰራ ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። መጀመሪያ አንገት ላይ ሶፍት ይጠመጠማል፣ ከሱ በላይ ጨርቁ ይታሰራል (ጨርቁ በቀን ስንት ሰው አንገት ላይ እንደሚውል አስቡትና የሶፍቱ ጥቅም ይገባችኋል)። ቀጥሎ ረዘም ያለው ፀጉር በቶንዶስ ይነሳል፣ ምላጭ በረጅም ፀጉር ላይ ከጀመረ ቶሎ ይደነዝዛል ቆዳውንም ይጎትታል። ከዛ ጭንቅላቱ በሞቀ ውሃ ይታጠባል ወይ በትኩስ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ለጥቂት ደቂቃ ይጠመጠምበታል፣ ስቲም ያላቸው ቤቶች ደግሞ በስቲም ይሰሩታል። ይሄን እንደ ቅንጦት የሚያየው ሰው ብዙ ነው ግን አይደለም፣ ፀጉር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ የለሰለሰ ፀጉር ደግሞ ምላጩን ሳይጫኑት ይቆረጣል። ክሬሙ ወይ ፎሙ በብሩሽ እየተሽከረከረ ከተቀባ በኋላ ነው ምላጩ የሚመጣው።

ላጪው በአንድ እጁ ቆዳውን ወጠር ያረግና በሌላው ምላጩን አዘንብሎ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ አጭር አጭር እያረገ ይስባል። አናት ላይ ያለችው ሽክርክሪት ጋ ሲደርስ አቅጣጫውን እየቀያየረ መሄድ አለበት፣ ጆሮ ጋ ሲደርስ ጆሮውን ወደ ፊት አጠፍ አርጎ ነው የሚገባው። እጁ ቀላል የሆነ ሰው ሲላጭ ምላጩን አትሰሙትም፣ የምትሰሙት ጭርር ጭርር የምትለዋን ድምፅና ክሬሙ የተነሳበት ቦታ ላይ አየር ሲነካው የሚመጣውን ቅዝቃዜ ብቻ ነው። እጁ የሚከብድ ሰው ግን የመጀመሪያው ስበት ላይ ይታወቃል።

አሁን ወደ ምላጩ ልምጣ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። እኔ የምሄድበት ቤት ያለው ልጅ ምላጩን ከነወረቀቱ በሁለት እጁ ጣቶች ይዞ ፊት ለፊቴ ያጥፈዋል፣ ቀጭ ብሎ ለሁለት ይሰበራል፣ ከዛ ወረቀቱን ገፈፍ አርጎ ግማሹን መያዣው ላይ ያስገባዋል። ሌላኛውን ግማሽ እዛው ወረቀቱ ውስጥ እንዳለ መስታወቱ ስር ያስቀምጠዋል፣ እሱም ለሚቀጥለው ሰው ሳይሆን ለኔው ለሁለተኛው ዙር ነው። ይቺ አስር ሰከንድ የማትሞላ ነገር ናት ግን እኔ ፀጉር ቤት የምመርጠው በሷ ነው። ይሄ ሁለት ስለት ያለው ቀጭን ምላጭ ራሱ ታሪክ አለው፣ አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ተጥሎ የሚተካ ምላጭ ለገበያ ያወጣው በፈረንጆቹ 1903 ሲሆን በመጀመሪያው አመት የሸጠው 51 መያዣና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። ከሱ በፊት የነበረው ላጪ አንዱን ምላጭ በቆዳ ላይ እየሳለ ለሁሉም ሰው ይጠቀምበት ነበር። ማለትም ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ የሚለው ነገር በቴክኖሎጂ ደረጃ ከመቶ አመት በላይ ሆኖታል፣ ሳይቀየር የሚቀር ከሆነ ችግሩ የምላጭ እጥረት አይደለም።

እኛ አገር ይሄ ጉዳይ ክብደት ያገኘው በኤችአይቪ ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች ኢትዮጵያ ውስጥ የታወቁት በፈረንጆቹ 1986 ነው፣ ከዛ በኋላ በነበሩት አመታት ትምህርት ቤት የነበረ ሰው ሁሉ ስለታም ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም የሚለውን በሬዲዮም በፀረ ኤድስ ክበብም እየሰማ ነው ያደገው፣ ምላጭ ከዝርዝሩ መጀመሪያ ነበረች። ብዙ ሰው የራሱን ምላጭ በኪሱ ይዞ ፀጉር ቤት መሄድ የለመደውም በዛ ጊዜ ነው፣ እስካሁን ያልተወ አለ፣ ልክ ነው። ዛሬ ወሬው ቀዘቀዘ ግን አደጋው አልቀዘቀዘም። እንዲያውም የጉበት ቫይረስ ቢ ከኤችአይቪ በጣም በቀላሉ በደም ይተላለፋል፣ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል፣ በአይን የማይታይ የደረቀ ደም በቂው ነው። ክትባቱ በአገራችን መደበኛ የህፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 2007 ስለሆነ ከዛ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን በልጅነት አልተከተብንም።

እኔ ራሴ አንዴ ሰፈር ቀይሬ አንድ የማላውቀው ቤት ገባሁ፣ ስቀመጥ ምላጩ መያዣው ላይ ገብቶ ነው የጠበቀኝ። አየሁት፣ ቀይርልኝ ለማለት አፈርኩ፣ ሰውዬው ትልቅ ሰው ነው የሚከፋው መሰለኝ፣ ጆሮዬ ጀርባ ቆረጠኝና ደማሁ። ተመርምሬ ነፃ ነህ እስክባል ድረስ የነበረውን እንቅልፍ ማጣት ለማንም አልመኝም። "ወንድሜ፣ አዲስ ምላጭ ክፈትልኝ" ማለት ስድብ አይደለም፣ ስራውን የሚያከብር ላጪ እንደውም ሳትጠይቁት ነው የሚያሳያችሁ።

ስቴሪላይዘር ተብሎ ሰማያዊ መብራት የሚበራበትን ሳጥን አይቶ የሚረጋጋ ሰው አለ። መብራቱ የሚሰራው ብርሃኑ በቀጥታ ባረፈበትና አስቀድሞ በታጠበ እቃ ላይ ብቻ ነው፣ የቶንዶስ ጥርስ መሀል ፀጉርና ቅባት ተጠቅጥቆ ከገባ ምንም አያረግም። ለመያዣውና ለመቀሱ ቀላሉ ነገር በሳሙና አጥቦ፣ አንድ እጅ የቤት በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ አስር ደቂቃ መዘፍዘፍና ብረቱ እንዳይዝግ በንፁህ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ደም ማቆሚያ ተብሎ ከአንዱ ሰው ወደ አንዱ ሰው የሚሄደው ነጭ ድንጋይም ከምላጩ እኩል መታየት አለበት፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሌላው የኛ ሰው ላይ በብዛት የሚታየው የማጅራት ጉዳይ ነው። ፀጉራችን የተጠቀለለ ስለሆነ ከቆዳ በታች ተቆርጦ ሲቀር ሲያድግ ተመልሶ ወደ ቆዳው ይገባል፣ ቆዳው ደግሞ እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮት ያብጣል። ማጅራት ላይ ሲደጋገም ትናንሽ ብጉር የሚመስሉት ነገሮች እየጠነከሩ ሄደው ወደ ጠባሳ ይቀየራሉ፣ አንዴ ጠባሳ ከሆነ ማጥፋቱ ከባድ ነው። ስለዚህ እዛ ቦታ ላይ ፀጉሩን በተቃራኒ አቅጣጫ ወደላይ አስጠግቶ አለመላጨት፣ ምልክቱ ካለ ደግሞ ምላጩን ትቶ በማሽን አንድ ሚሊሜትር ያህል ማስቀረት ነው የሚሻለው። አንዳንድ ላጪ ግን "ንፁህ" እንድትሉት ስለሚፈልግ ደጋግሞ ይሄድበታል፣ "ማጅራቴን ተወው" በሉት።

መላጨት እኛ ጋ ከፀጉር ቤት በፊትም የነበረ ነገር ነው። የገጠር ልጅ ዙሪያውን ተላጭቶ አናቱ ላይ የምትቀርለት ቁንጮ፣ መሀል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን የምትተወው የልጃገረድ ጋሜና ሳዱላ፣ ሁሉም ምላጭ የሚጠይቁ ናቸው፣ "የስልጣን ቁንጮ" የምንለውም ከዚችው አናት ላይ ከምትቀረው ፀጉር ጋር የሚሄድ ነው። ሀዘን የደረሰባት ሴት ፀጉሯን ተላጭታ ጥቁር ትለብሳለች። በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ ህፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ከአቂቃ (ለልጁ ከሚታረደው እርድ) ጋር ይላጫል፣ ሐጅ ላይ ወንዱ በዙልሒጃ ወር 10ኛው ቀን ይላጫል ወይ ያሳጥራል፣ ሴቷ የጣት ጫፍ ታህል ብቻ ነው የምትቆርጠው። ሳዑዲ ውስጥ ሁጃጁ ፈቃድ ባላቸው ላጪዎች ብቻ እንዲላጭና ምላጭ በጋራ እንዳይጠቀም በየአመቱ የሚነገረው በዚሁ በጉበት ቫይረስ ምክንያት ነው።

ከተማ ውስጥ አሁን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሌላ ነው። ፀጉሩ ከፊት መሳሳት የጀመረና በቃ ከማሳደድ ልገላገል ያለ ሰው ይበዛል፣ እንደ ማይክል ጆርዳን ያሉ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን እያየ ያደገው ትውልድ ደግሞ መላጣነትን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ስታይል ነው የወሰደው። እዚህ ጋ ስለ ልጆች አንድ ነገር፣ ቆረቆር የያዘውን ልጅ መላጨት አያድነውም፣ ፈንገሱ ፀጉሩ ስር ስለሚገባ በሀኪም የሚታዘዝ ኪኒን ይፈልጋል፣ በዛ ላይ ያው ቶንዶስ ሌላ ልጅ ላይ ሲሄድ ያስተላልፈዋል።

አሜሪካ ያለ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ስንት አመት ቢሰራም ወንበር ይዞ ለመላጨት የስቴቱን የባርበር ላይሰንስ ማውጣት አለበት፣ ስለዚህ እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉ ሀበሻ የበዛባቸው ቦታዎች ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ካያችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።

ሲያልቅ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዛ አልኮል ወይ አፍተር ሼቭ፣ ከዛ ሎሽን ይቀባል። አልኮሉ ያቃጥላል፣ ቆዳው የሚቆጣ ሰው አልኮል የሌለው ይጠይቅ። የመጀመሪያው ቀን አናቱ ፀሀይ አያውቅም፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ነው ያለችው፣ ፀሀዩዋ ስስ ብትመስልም ታቃጥላለች፣ ኮፍያ ወይ ሰንስክሪን ይዛችሁ ሂዱ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሚያድግ በሶስተኛው ቀን አንድ ሚሊሜትር ይሆንና መሻከር ይጀምራል፣ ሳምንት የሚቆየውም ሰው በየሶስት ቀኑ የሚመጣውም አለ፣ ቆዳው የሚቆጣ ከሆነ ማቆየቱ ነው የሚሻለው። ላጪው ትንሿን መስታወት ከኋላ ይዞ ማጅራታችሁን ሲያሳያችሁ ዝም ብላችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ፣ በመዳፋችሁ ከፊት ወደ ኋላ ከኋላ ወደ ፊት ዳብሱት፣ የቀረች ካለች እዛው ወንበሩ ላይ እያላችሁ ትነሳለች።