አጥንቱ እንጨት የሆነ ቤት፦ ሲኖሩበት ጥቅሙም ችግሩም

የእንጨት ቤት ሲባል ብዙ ሰው ከላይ እስከ ታች እንጨት የሆነ ነገር ነው የሚመጣበት፣ እዚህ የምናወራው ግን ሸክሙን የሚይዘው ቋሚና ወራጁ እንጨት ስለሆነ ቤት ነው፣ ውጪው በጡብ ወይ በልስን ሊሸፈን ስለሚችል ከመንገድ አይቶ መለየት ያስቸግራል። የድሮው ወፍራም ምሰሶ እየተቦረቦረ እርስ በርሱ እየተሰካካ ነበር የሚገጠመው፣ የአሁኑ በአብዛኛው ቀጫጭን ጣውላ ነው በምስማር የሚመታ። ይሄኛው በ1830ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ቺካጎ ውስጥ ተጀመረ ይባላል።

እንጨት አይበረክትም የሚለው ፈጽሞ ልክ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ያለው የሆርዩጂ ቤተ መቅደስ ዋና ዋና ሕንፃዎች ከ1,300 ዓመት በላይ ቆመዋል፣ ባለ አምስት ጣሪያው ማማ ስንትና ስንት የመሬት መንቀጥቀጥ አሳልፏል።

ስለ እሳት ሲወራ ሁሌም የሚነሳው የለንደኑ ቃጠሎ ነው። በ1666 መስከረም ከአንድ ዳቦ ቤት ተነስቶ ለቀናት ነደደ፣ 13,000 ገደማ ቤትና 87 የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በላ፣ በቀጣዩ ዓመት በወጣው ሕግ አዳዲስ ቤቶች በጡብ ወይ በድንጋይ እንዲሠሩ ተደረገ። ግን ጥፋቱን ሁሉ እንጨቱ ላይ መጫን አይገባም፣ ቤቶቹ ጣሪያ ለጣሪያ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም ነበር፣ ነፋሱም ኃይለኛ ነበር። ወፍራም እንጨት ሲነድ ላዩ ከሰል ይሆንና ውስጡን ይከልለዋል፣ በደቂቃ 0.65 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚበላው፣ ማለትም በግማሽ ሰዓት 2 ሳንቲሜትር። ቀጭኑ ጣውላ ይሄ ዕድል የለውም፣ ስለዚህ በጂፕሰም ቦርድ፣ ማለትም እሳት ቶሎ በማያሳልፍ የጀሶ ሰሌዳ ይሸፈናል፣ ቦርዱን ለመብራት መስመር ቀዶ ሳይደፍኑ መተው አደጋ ነው።

በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የእንጨት ክብደቱ ቀላል መሆኑና መተጣጠፉ ይጠቅማል። ሆኖም በ1995 የጃፓኗ ከተማ ኮቤ ስትናወጥ ከባድ የሸክላ ጣሪያ የተሸከሙ ብዙ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ፈርሰው ሰው ጨርሰዋል፣ ጣሪያው ከብዶ ግድግዳው ማገር ካነሰው እንጨትም አያድንም።

ኑሮው ላይ ስንመጣ፣ እንጨት ሙቀት የሚያሳልፈው ከኮንክሪት በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ በብርድ ጊዜ ቤቱ ቶሎ ይሞቃል፣ በበጋ ግን ሙቀቱን ውጦ የሚያቆይ ከባድ ግድግዳ ስለሌለ ከሰዓት በኋላ ይታፈናል። ድምፅም አለ፣ ፎቅ ላይ ሰው ሲራመድ ታች ይሰማል፣ ወለሉ ሲሠራ ካልታሰበበት በኋላ ማስተካከሉ ከባድ ነው። ከባድ መደርደሪያ ለመስቀልም መጀመሪያ ቋሚው የት እንዳለ መፈለግ ነው።

ዋናው ጠላት ግን ውሃ ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ሻጋታና መበስበስ ይጀምራል፣ ምስጥም እርጥብ ቦታ ይወዳል፣ ግድግዳ ውስጥ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ደግሞ ለወራት ሳይታይ ሊቀጥል ይችላል። የግርጌው እንጨት ከመሬት 15 ወይ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ ብዙ ሰው ግን ቤቱ ካለቀ በኋላ ለአበባ ብሎ አፈር ግድግዳው ጋ ይከምርና ያንን ክፍተት ራሱ ይደፍነዋል።