ፕራይመር ምንድን ነው? ከጥይት ክፍሎች ሁሉ ትንሿ ዕቃ ዋጋዋ ለምን ተወደደ?

የተተኮሰ ቀለህ አንስታችሁ ቂጡን ብታዩት መሐል ላይ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ክብ ቆብ ታገኛላችሁ። ቆቧ መሐሏ ላይ ጎድጉዳለች፤ የጠመንጃው መምቻ መርፌ ያረፈባት እዚያ ነው። ፕራይመር የሚሏት ይቺን ናት። የትንሿ ስፋት 4.45፣ የትልቋ 5.33 ሚሊ ሜትር ነው። ቃታ ሲሳብ መርፌው ይመታታል፣ ውስጧ ያለው በምት የሚፈነዳ ውህድ ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉም በቀለሁ ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያነድዳል። አረሩን በአፈሙዝ ገፍቶ የሚያስወጣው ያ የባሩድ ጋዝ ነው። ባሩዱ ግን በመርፌ ምት ብቻ አይነሳም። ፕራይመር ከሌለ ጥይት የሚባለው ነገር ናስ፣ እርሳስና ባሩድ ሆኖ ይቀራል።

አሜሪካ የምትኖሩና አደን ወይም ዒላማ ተኩስ የምትወዱ ሰዎች ይህችን ዕቃ በስሟ ሳይሆን በዋጋዋ ሳታውቋት አትቀሩም። እዚያ የተኮሱትን ቀለህ ለቅሞ፣ አጥቦና አስተካክሎ እንደገና ሞልቶ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መጭመቂያ ነው። እጀታው ሲሳብ ያረጀችው ፕራይመር ጠብ ትላለች፣ አዲሷ በቦታዋ ትገባለች፤ ከዚያ ተመዝኖ ባሩድ ይጨመርና አረሩ ከላይ ይገጠማል። ቀለሁ ደጋግሞ ያገለግላል። አረሩንም እርሳስ አቅልጦ በቤቱ የሚያፈስ ሰው አለ። ፕራይመር ግን አንዴ ከተመታች አለቀላት፤ አዲስ ከፋብሪካ መግዛት ግድ ነው። ፋብሪካው ራሱ እንኳ ውህዱን ቆቧ ውስጥ የሚሞላው እርጥብ ሳለ ነው፤ ከደረቀ በኋላ በትንሽ ንክኪ ሊፈነዳ ይችላል። የዚህ ሥራ መሰናክል ሁሉ እዚህች ላይ የሚከማቸው ለዚህ ነው።

ይህ ልማድ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ የሰፋበት አንዱ ምክንያት የፕራይመሯ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ሠሩ፤ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰርና አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን። የቦክሰር ዓይነት ቀለህ መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ስላለው ያረጀችውን በቀጭን ዘንግ ከውስጥ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። የበርዳኑ ቀለህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመሐል ገለል ያሉ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ስላሉት ዘንጉ መግቢያ አያገኝም። የሚገርመው፣ የእንግሊዛዊው ሥራ የአሜሪካን ገበያ ሲይዝ የአሜሪካዊው ወደ አውሮፓና ወደ ሌላው ዓለም ሄደ። በምሥራቅ አውሮፓ የተሠራው የክላሽ ጥይት በአብዛኛው የበርዳን ዓይነት ነው፣ ቀለሁም ብዙ ጊዜ ብረት ነው፤ መልሶ የሚሞላው ሰው ጥቂት ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ከእ.ኤ.አ. 2020 በፊት አንድ ሺህ ፕራይመር ከ30 እስከ 40 ዶላር ይገኝ ነበር። ወረርሽኙ፣ የከተሞች ተቃውሞና ምርጫው በአንድ ዓመት ሲገጣጠሙ ሕዝቡ ወደ ጠመንጃ ሱቅ ጎረፈ። የጠመንጃ ኢንዱስትሪው ማኅበር በዚያ ዓመት ብቻ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃ እንደገዙ ገምቷል። በቀጣዩ ዓመት ያው አንድ ሺህ ፕራይመር ከእጅ ወደ እጅ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ጀመር፤ እሱም ከተገኘ ነው። በኋላ መደርደሪያው ቀስ በቀስ ቢሞላም የድሮው ዋጋ አልተመለሰም።

ብዙ ሰው «ፋብሪካዎቹ ደብቀው ነው» ይላል። እኔ እንደዚያ አላይም። አሜሪካ ውስጥ የታወቁት የፕራይመር ስሞች አራት ናቸው፤ ሲሲአይ፣ ፌዴራል፣ ሬሚንግተንና ዊንቸስተር። ሬሚንግተን በ2020 ሲከስር የጥይት ክፍሉን የገዛው ሲሲአይንና ፌዴራልን የያዘው ቪስታ አውትዶር ነበር። በ2024 መጨረሻ ሦስቱም ተጠቃልለው ለአንድ የቼክ ኩባንያ ተሸጡ፤ ዊንቸስተር በኦሊን እጅ ነው። ስማቸው አራት ቢሆንም ባለቤታቸው ሁለት ብቻ ነው ማለት ነው። እነዚሁ ኩባንያዎች ያለቀለት ጥይትም ይሠራሉ። ፕራይመሯን ብቻዋን ከመሸጥ በራሳቸው ጥይት ውስጥ ከትተው መሸጥ የበለጠ ያተርፋቸዋል፤ ስለዚህ እጥረት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ባዶ የሚቀረው የቤት ሞይው መደርደሪያ ነው። አዲስ ፋብሪካ ለምን አይሠሩም ቢባል፣ እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ ምርጫ በኋላና በ2013 የመጣውን ሽሚያ አይተውታል፤ ግርግሩ ሲበርድ ፍላጎቱም አብሮ ይወርዳል። ዓመታት የሚፈጅ ፋብሪካ ገንብቶ ገዢ ማጣትን ማንም አይፈልግም።

የውጭውም በር ጠቧል። አሜሪካ በ2021 ከሩሲያ በሚገባ ጥይት ላይ ማዕቀብ ጣለች፤ ርካሹ ጥይት ሲቀንስ ገዢው ወደ ቀረው ዞረ። ቀጥሎ የዩክሬን ጦርነት መጣ። ይኼኛው ከፕራይመር ይልቅ የጎዳው ባሩድን ነው፤ ምክንያቱም የመድፍ ማስወንጨፊያም የአዳኙም ባሩድ ከአንድ ነገር፣ ከናይትሮሴሉሎስ፣ ነው የሚሠሩት። ሁለቱን እጥረቶች ለይቶ ማየት ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲቀልል ሌላው ላይቀልል ይችላል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ጉዳቱ ያረፈበት ሰው ነው። ቀለህ መልሶ መሙላት የጀመረው ብዙው ሰው ጥይት በሙሉ ዋጋ መግዛት ስለከበደው ነው። ልጁን ዒላማ የሚያስተምር አባት፣ በዓመት አንዴ አጋዘን የሚያድን የገጠር ሰው። ገንዘብ ያለው በአንድ ቀን የአሥር ዓመት ፕራይመር ጭኖ ሲሄድ፣ እነዚህ ለአንድ ወቅት የሚበቃቸውን ያጣሉ። ጥይት ዋጋውን ይዞ የሚቆይ ነገር መሆኑን አገራችን ድሮ ታውቀዋለች፤ በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። በእጥረቱ ወቅትም ፕራይመር ሰጥቶ ባሩድ የሚቀበል ተኳሽ ነበረ። ግን ለመተኮስ የተሠራ ነገር ገንዘብ ሲሆን ሣጥን ውስጥ ይቀራል፤ በዚያው ልክ መደርደሪያው ይራቆታል።

እንግዲህ መሙላት የምትፈልጉ ከሆነ የአንድ ዓመት ተኩሳችሁን አስሉና ለዚያ የሚበቃ ግዙ። በፖስታ የሚላከው ላይ የአደገኛ ዕቃ ክፍያ አለበት፤ የሣጥኑ ብዛት ምንም ይሁን ክፍያው በአብዛኛው ያው ስለሆነ ከሁለት ሦስት ጓደኞች ጋር ማዘዝ ያዋጣል። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ መኖሪያ ቤት ውስጥ ከ10,000 ፕራይመር በላይ እንዳይቀመጥ ይላል፤ የአካባቢያችሁ ሕግ ከዚያ ሊጠብቅ ስለሚችል ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ከመጣችበት ሣጥን አውጥታችሁ ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ላይ አታከማቿት። ሣጥኑ እያንዳንዷን ለየብቻ የሚያስቀምጠው አንዷ ብትፈነዳ ሌሎቹን እንዳታስነሳ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊፈነዱ ይችላሉ።